ቤተሰብ ጭነው ሲነዱ ሐሳብዎ እንዳይበተን

አንድ ፋሲካ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ እየሄድን ነው። በድሮው መንገድ መቂ አካባቢ ስንደርስ ከኋላ እግሯ ታስራ የተቀመጠችው ዶሮ ገመዷን ፈትታ ብድግ አለች። አክስቴ ጮኸች፣ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፣ እኔም ዞር አልኩ። ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። መኪናው ግን 80 ላይ ነበር፤ በዚህ ፍጥነት በሁለት ሰከንድ 44 ሜትር ገደማ ይኬዳል። ፊቴን ስመልስ የአህያ ጋሪ አፍንጫችን ስር ደርሷል። ለጥቂት ተረፍን።

ከዚያ ወዲህ ሰው ጭኜ ስነዳ የማደርገው ይህንን ነው።

1. ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ሰዉንና ዕቃውን ይደልድሉ።

ለአምስት ሰው የተሠራች ቪትዝ የምትጭነው አምስት ሰው ነው። "ልጁን እኔ አቅፈዋለሁ" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ቀጥ ሲል፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለቅጽበት ከአንድ ኩንታል በላይ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። የተወረወረ ኩንታል ጤፍ የሚቀልብ ክንድ የለም። ልጁን ከራስ ጋር በአንድ ቀበቶ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ የአዋቂው ክብደት ልጁን ይጨፈልቀዋል። የልጅ ቦታ ከኋላ፣ ለዕድሜውና ለቁመቱ በሚሆን የልጆች ወንበር ላይ ነው። ዋጋው እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ግን ከዘመድ መዋስም ይቻላል፤ ልጆች ቶሎ ያድጋሉ።

ከኋላ የተቀመጠ አዋቂም ቀበቶ ይሰር። ያልታሰረ ሰው በግጭት ጊዜ የሚያርፈው ፊቱ ባለው ሰው ጀርባ ላይ ነው። ትልልቅ ሰዎችን ማዘዝ ግን ይከብዳል። እኔ "እማማ፣ እርስዎ ካልታሰሩ ልቤ አያርፍልኝም፣ መንዳት ያቅተኛል" እላለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

ጀበና፣ ጃንጥላ፣ የዘይት ጀሪካን ከኋላ መስታወት ስር አይቀመጥም። ዶሮ ደግሞ የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ ትግባ።

2. ጋቢና ለሚቀመጠው ሰው ሥራ ይስጡት።

ጋቢና የክብር ቦታ ይመስላል እንጂ የረዳት ቦታ ነው። ስልክዎን ያስረክቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስልክ የሚጠቀም አሽከርካሪ ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም ብዙ አይሻልም። ስለዚህ ካርታውን የሚያየው፣ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ የሚያዘጋጀው፣ "እየነዳ ነው፣ ስንቆም ይደውልልሃል" የሚለው እሱ ነው። ሥራው እንቅልፍ የለውም። ማንቀላፋት የሚፈልግ ከኋላ ይቀመጥ።

3. ስለ "አቁም!" አስቀድመው ይስማሙ።

በሐዋሳው መንገድ ዳር ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ተደርድሮ ሲታይ ከኋላ "አቁም! አቁም!" ይጀመራል። እግርዎ ሳያስበው ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ከኋላዎ ያለው አይሱዙ ግን ስለ ቲማቲሙ የሚያውቀው ነገር የለም። የእኔ ሕግ ቀላል ነው፤ ያለፍነው አለፈን፣ የሚቀጥለው ሻጭ ጋ ፍሬቻ አሳይቼ ዳር ይዤ እቆማለሁ።

ማቅለሽለሽ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ፌስታልና ሎሚ ረዳቱ እጅ ላይ ይሁን።

4. ሲቀድሙ የራስዎን ዓይን ብቻ ይመኑ።

"ነፃ ነው፣ ግባ!" የሚል ተሳፋሪ ከቀኝ በኩል ሆኖ የሚያየው ሌላ፣ እርስዎ የሚያዩት ሌላ ነው። አልሰማኸኝም ብሎ የሚያኮርፍ ካለም ያኩርፍ።

5. ጨዋታውን አይከልክሉ፣ ዝም የሚባልበትን ጊዜ ግን ያሳውቁ።

ጥሩ ወሬ ከእንቅልፍ ይጠብቃል። ከተማ ሲገቡ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሲመሽ፣ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ "አንዴ ዝም" ማለት የሾፌር መብት ነው። የርስት ክርክርና ከባድ ወሬ ለቤት ይቆይ። ልጆች ከተጣሉ እጅዎን ወደ ኋላ አይስደዱ፤ ቆመው ያስታርቁ።

6. በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይረፉ፤ መጠጥም አይቅመሱ።

ወደ በዓል ሲሄዱ ጾም ስለሆነ ይቀላል። አስቸጋሪው የመልስ ጉዞው ነው። ክትፎው ላይ ጠላ ወይም ጠጅ "ትንሽ ቅመስ" ይባላል። መሪ የሚይዝ ሰው አይቀምስም፣ አለቀ። ዓይንዎ ከከበደ መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር አያዋጣም። ዳር ይዘው 20 ደቂቃ ይተኙ፤ ቡናው ከዚያ ይከተላል።

7. ሲደርሱ በቀኝ በኩል ያውርዱ።

ሁሉም ለመውረድ ይቸኩላል፣ ዘመድም በር ላይ እልል እያለ ይጠብቃል። ቢሆንም የኋላ በር ከውስጥ እንዳይከፈት የሚያደርገውን የልጆች ቁልፍ ከመነሳትዎ በፊት ይዝጉ፤ በሩን ከውጭ አዋቂ ይክፈት። የራስዎን በር ደግሞ በቀኝ እጅዎ ለመክፈት ይሞክሩ። ሰውነትዎ ስለሚዞር ከኋላ የሚመጣውን ሞተር ብስክሌት ሳይወዱ በግድ ያያሉ።