ስለ «ውሱን ጥቃት» የሕዝብ አስተያየት ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ መንግሥት «አጭርና ውሱን ጥቃት ነው» ብሎ በሌላ አገር መንግሥት ላይ ሚሳይል በተኮሰ ማግስት ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ይወጣሉ። አንደኛው ስንት ሚሳይል እንደተተኮሰና ስንት ዒላማ እንደተመታ ይናገራል። ሁለተኛው ከመቶ ስንቱ ሰው እንደደገፈ ይናገራል። የመጀመሪያውን አብዛኞቻችን በጥርጣሬ እናየዋለን፤ የጦር ሠራዊት መግለጫ ነውና። ሁለተኛውን ግን ሳናላምጥ እንውጠዋለን። «ሕዝቡ ደግፏል»፣ «ሕዝቡ ተቃውሟል» ብለን ለሌላው እናቀብላለን። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ስለሆነ ይህ ቸልተኝነት ያሳስበኛል። ከዚህ በታች ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አነሣለሁ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአሜሪካ ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ጥቃት ደጋግማ የምትፈጽምም፣ ሕዝቧን ስለ ጥቃቱ ደጋግማ የምትጠይቅም አገር እርሷ ስለሆነች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን ትቶ ቁጥሩን ብቻ መጥቀስ

ኦገስት 21 ቀን 2013 በደማስቆ ዳርቻ በምትገኘው ጉታ በተፈጸመ የኬሚካል መሣሪያ ጥቃት በርካታ መቶ ሰዎች አለቁ። ከሳምንት በኋላ ኤንቢሲ የተሰኘው የቴሌቪዥን ድርጅት 700 አሜሪካውያንን አነጋገረ። አገራቸው በሶሪያ መንግሥት ላይ ወታደራዊ እርምጃ ትውሰድ ወይ ተብለው ሲጠየቁ 50 ከመቶው አይሆንም አሉ፤ 42 ከመቶው ይሁን አሉ። በዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ጥያቄ ነበር። እርምጃው ከባሕር ኃይል መርከቦች በሚተኮሱ ክሩዝ ሚሳይሎች ብቻ የተወሰነ ቢሆን፣ ዒላማውም የኬሚካል ጥቃት ለማድረስ ያገለገሉ የጦር ክፍሎችና ተቋማት ቢሆኑስ? እዚህ ላይ 50 ከመቶው ደገፈ፤ 44 ከመቶው ተቃወመ።

በመጀመሪያው ጥያቄና በሁለተኛው መካከል ደማስቆ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው ቃሉ ነው። ቃሉን ቀስ ብለን እንመልከተው። «ከመርከብ» የሚለው የእኛ ወታደር እግሩን አያስገባም ይላል። «የተወሰነ» የሚለው ነገሩ መጨረሻ አለው ይላል። «ጥቃቱን ያደረሱት ክፍሎች» የሚለው ደግሞ የሚሞተው ጥፋተኛው ብቻ ነው ይላል። ሦስቱም ተስፋዎች ናቸው፤ ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ግን አንዳቸውንም ሊፈጽም አይችልም። መላሹ የደገፈው ያንን የተስፋ ቃል እንጂ በኋላ በእውነት የሚሆነውን ጥቃት አይደለም። ስለዚህ «ግማሹ አሜሪካዊ ደገፈ» ብሎ የሚጽፍና «ግማሹ አሜሪካዊ ተቃወመ» ብሎ የሚጽፍ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጥናት ሊጠቅሱ፣ ሁለቱም ሳይዋሹ አንባቢን ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ቁጥር ከማቀበላችን በፊት የጥያቄውን ሙሉ ቃል ማንበብ ይኖርብናል። ሙሉ ቃሉን ያላወጣ ጥናት ከሆነ ባንጠቅሰው ይሻላል።

«አላውቅም» ያለውን ሰው ከቁጥር ማጥፋት

ጁን 22 ቀን 2025 አሜሪካ በኢራን ውስጥ ያሉትን የኑክሌር ሥፍራዎች ፎርዶን፣ ናታንዝንና ኢስፋሃንን ደበደበች። ከጥቃቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ዋሽንግተን ፖስት 1,000 ያህል ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 25 ከመቶው ድብደባውን ደገፈ፣ 45 ከመቶው ተቃወመ፣ 30 ከመቶው ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም አለ። ከጥቃቱ በኋላ የዜና ድርጅቱ ሮይተርስ ኢፕሶስ ከተባለው የጥናት ድርጅት ጋር ባደረገው ጥናት 36 ከመቶው ደገፈ፤ 45 ከመቶው ተቃወመ፤ የቀረው አልወሰነም። በእነዚያው ቀናት የሲኤንኤን ጥናት 44 ከመቶ ድጋፍና 56 ከመቶ ተቃውሞ አገኘ።

የሲኤንኤንን ሁለት ቁጥሮች ብንደምር 100 ይሆናሉ። በሮይተርስ ጥናት ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል የቆመበት መሐል ሜዳ በዚህኛው ውስጥ የለም። ሁለቱም ጥናቶች በየራሳቸው መንገድ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ስህተት የሚሆነው አንዱን ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ «በአንድ ቀን ውስጥ ተቃውሞው በ11 ነጥብ ዘለለ» ማለት ነው።

ያ መሐል ሜዳ ክብር የሚገባው ይመስለኛል። ስለ ፎርዶ የምድር ውስጥ ዋሻና ስለ ዩራኒየም ማበልጸግ በቂ እውቀት የሌለው ሰው «አላውቅም» ሲል በጥናቱ ውስጥ እጅግ ታማኝ የሆነውን መልስ ሰጥቷል። ሰው ስለማያውቀው ነገር አቋም ሲይዝ ምን እንደሚሆን በዲሴምበር 2015 ታይቷል። ፐብሊክ ፖሊሲ ፖሊንግ የተባለው ድርጅት አግራባን መደብደብ ትደግፋላችሁ ወይ ብሎ የአሜሪካ መራጮችን ጠየቀ። በሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ከሚሳተፉት 30 ከመቶው እንደግፋለን አሉ፤ ከዲሞክራቶቹ 19 ከመቶው ደገፉ፣ 36 ከመቶው ተቃወሙ። አግራባ በልጆች የካርቱን ፊልም ውስጥ ብቻ ያለች፣ በምድር ላይ የሌለች ከተማ ናት። የደገፈውም የተቃወመውም ስለማያውቀው ስፍራ ነበር የመለሰው።

ከተኩሱ በፊት የነበረውን አስተያየት ከተኩሱ በኋላ ካለው ጋር መቀላቀል

«ይደረግ ወይ?» እና «መደረጉ ልክ ነበር ወይ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ምክር መጠየቅ ነው። ሁለተኛው የሆነውን ነገር መቀበል ወይም አለመቀበል ነው፤ በዚያ ላይ ሰው በአደጋ ሰዓት ወደ መሪው የመጠጋት ባሕርይ አለው። የፖለቲካ ተመራማሪው ጆን ሙለር ይህን ባሕርይ በ1970 ባሳተመው ጥናት ካሳየ ወዲህ በዘርፉ የታወቀ ነገር ሆኗል። ብርታቱን ለመገንዘብ የ1961ዱን የኩባ ወረራ ማየት ይበቃል። በአሜሪካ የተደገፈው የአሳማዎች የባሕር ወሽመጥ ወረራ በሦስት ቀን ውስጥ ከሸፈ፤ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ድጋፍ ግን ጋሉፕ በተባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት መለኪያ ወደ 83 ከመቶ ወጣ። ውድቀት ድጋፍን ከፍ ካደረገ፣ ከጥቃት ማግስት የሚታይ ከፍታ ስለ ጥቃቱ ብልህነት የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው።

ከፍታው ደግሞ አይቆይም። ትልቁ ቡሽ ከኢራቅ ጋር በተደረገው የ1991 ጦርነት ማብቂያ ላይ 89 ከመቶ ድጋፍ ነበራቸው፤ በኖቬምበር 1992 ምርጫውን ተሸነፉ። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «ሕዝቡ ፈርዷል» የሚል ሰው ችሎቱ ሳይሰየም ፍርድ እያነበበ ነው።

ሰው የሚመልሰው ስለ ሚሳይሉ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ኤፕሪል 2017 የአሜሪካ መርከቦች ሶሪያ ውስጥ ባለው የሻይራት የአየር ኃይል ሰፈር ላይ 59 ቶማሃውክ ሚሳይሎች ተኮሱ። ምክንያቱ እንደ 2013ቱ የኬሚካል ጥቃት ነበር፤ ተከሳሹም ያው የበሽር አል አሳድ መንግሥት ነበር። የዋሽንግተን ፖስትና የኤቢሲ ጥናት 51 ከመቶ ድጋፍ አገኘ። በ2013 ኦባማ ሊያደርጉት ያሰቡትን ጥቃት ከደገፉት ሪፐብሊካኖች ጋር ሲነጻጸር የታየው ልዩነት ግን ያስደነግጣል። ያኔ 22 ከመቶ የነበረው ድጋፍ በትራምፕ ጊዜ 86 ከመቶ ሆነ። የዲሞክራቶቹ ከ38 ወደ 37 ነው የሄደው።

እርግጥ ነው፣ የ2013ቱ ገና ያልተደረገ፣ የ2017ቱ የተደረገ ጥቃት ነበር፤ ከላይ ያልኩት የማግስት ውጤት እዚህም አለበት። ነገር ግን ያ ብቻውን 64 ነጥብ አያመጣም፤ ዲሞክራቶቹን ፈጽሞ ሳይነካም አያልፍም። የትእዛዙ ባለቤት ማን ነው የሚለው የሚመዝነው ለዚህ ነው። ጠቅላላውን አማካይ ብቻ የሚጠቅስ ሰው አንድ ሕዝብ አሰላስሎ ሐሳቡን የለወጠ ያስመስላል። በእውነት የሆነው አንደኛው ወገን መሪው ሲለወጥ መልሱን መለወጡ ነው። የፓርቲ ዝርዝሩን ሳያዩ አማካዩን መዘገብ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ተቃውሞን ለአምባገነኑ እንደ ፍቅር መቁጠር

በ2013 ሴፕቴምበር ጋሉፕ ሶሪያን ስለመምታት ጠይቆ 36 ከመቶ ድጋፍና 51 ከመቶ ተቃውሞ ሲያገኝ፣ እነዚያ 51 ከመቶው የአሳድ ወዳጆች አልነበሩም። የኢራቅ ጦርነት ያሳዘናቸው፣ ምክር ቤቱ ይወስን የሚሉ፣ ሚሳይል ሕፃናትን አያድንም ብለው የሚያምኑ ነበሩባቸው። በኤንቢሲው ጥናት ከአምስት ሰዎች አራቱ ያህል ፕሬዚዳንቱ በቅድሚያ የኮንግረስን ፈቃድ ያግኙ ብለዋል። እንግሊዝም ውስጥ በኦገስት 29 የሕዝብ እንደራሴዎቹ በ285 ለ272 ድምፅ በሶሪያ ላይ የኃይል እርምጃ የመውሰዱን ሐሳብ ሲጥሉት በተቃዋሚዎቹ መካከል አሳድን በብርቱ የሚያወግዙ ሞልተው ነበር። ተቃዋሚውን ሁሉ የገዳይ ደጋፊ አድርጎ መሳል በደል ነው።

«ውሱን» የሚለውን ቃል እንደ ውል መቁጠር

ይህን ከሁሉ የከፋው ስህተት እለዋለሁ። ሰዎች የደገፉት አጭር ነገር ነው፤ የሚያገኙት ግን ሁልጊዜ አጭር ነገር አይደለም።

ሊቢያን እንውሰድ። ማርች 17 ቀን 2011 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሲቪሎችን ለመጠበቅ የኃይል እርምጃ እንዲወሰድ ፈቀደ፤ ማርች 19 ድብደባው ተጀመረ። ኦባማ ለምክር ቤት አባላት የአሜሪካ ዋና ድርሻ የቀናት እንጂ የሳምንታት እንደማይሆን ነግረዋቸው ነበር። ማርች 28 ባደረጉት ንግግርም ዘመቻውን አስፍቶ መንግሥት ለመለወጥ መጠቀም ስህተት እንደሚሆን ተናገሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋሉፕ 47 ከመቶ ድጋፍና 37 ከመቶ ተቃውሞ አገኘ። ጁን ላይ ቁጥሩ ተገልብጦ 39 ከመቶ ድጋፍና 46 ከመቶ ተቃውሞ ሆነ። አውሮፕላኖቹ ግን መብረር አልተዉም። ዘመቻው ያበቃው ጋዳፊ ከተገደለ ከ11 ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 31 ነው። በቀናት የተነገረው ነገር ሰባት ወር ተሻገረ።

ከዚያ በፊትም ያኔ የዩጎዝላቪያ ግዛት የነበረችው ኮሶቮ ነበረች። ማርች 24 ቀን 1999 ኔቶ ዩጎዝላቪያን መደብደብ ሲጀምር የዋሽንግተን ባለሥልጣናት ነገሩ በአጭር ጊዜ እንደሚያልቅ ይናገሩ ነበር። 78 ቀናት ወሰደ።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ለአንድ ሌሊት የተከፈተው በር ለወራት ክፍት ሊቀር ይችላል። ጥቃት የደረሰበት መንግሥትም መልስ የመስጠት ፍላጎትና አቅም አለው፤ የጥቃቱን ልክ የሚወስነው ተኳሹ ብቻ አይደለም። ኢራን በጁን 2025 ከተደበደበች በኋላ በማግስቱ ኳታር ውስጥ ባለው የአል ኡዴይድ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላይ ሚሳይል ተኩሳለች። ያኔ ነገሩ በተኩስ አቁም ረገበ። ባይረግብስ ኖሮ፣ ለመጀመሪያው ሌሊት የተሰጠው ድጋፍ ለሚቀጥለው ወር ድጋፍ ተደርጎ ይጠቀስ ነበርን? መጠቀስ አልነበረበትም። ድጋፍ የተጠየቀበት ነገር ድንበሩን ካለፈ ጥያቄውም እንደገና መጠየቅ አለበት።

ጥናት አንብቦ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ቢፈልግ እወዳለሁ፦ ጠያቂዎቹ «ጥቃቱ ከታሰበው በላይ ቢራዘምስ?» ብለው ጠይቀዋል ወይ? ይህ ጥያቄ በሌለበት የተሰበሰበ «ድጋፍ» ግማሽ መልስ ነው።

ቦምቡ የሚወድቅበትን ሕዝብ መርሳት

ስለ «የሕዝብ አስተያየት» ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለሚተኩሰው ሕዝብ ነው። በአምባገነን አገር ውስጥ በስልክ የሚጠየቅ ሰው እውነቱን ለመናገር ይፈራል፤ ስለዚህ ቁጥር ማግኘት ከባድ ነው። ቁጥሩ ባለመኖሩ ግን አንዳንዶች የፈለጉትን ይሞሉበታል። አንዱ «ሕዝቡ ነጻ አውጪ እየጠበቀ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሕዝቡ ከመንግሥቱ ጎን ቆሟል» ይላል።

በ1999 ጸደይ፣ ኔቶ ዩጎዝላቪያን ሲደበድብ፣ የዋና ከተማዋ የቤልግሬድ ነዋሪዎች ሌሊት ሌሊት እየወጡ በሳቫ ወንዝ ላይ ባለው የብራንኮ ድልድይ ላይ ይቆሙ ነበር። በደረታቸው ላይ የዒላማ ክብ የታተመበት ወረቀት ለጥፈዋል፤ ከመሐል ነጥቡ ዙሪያ ጥቁር ቀለበቶች አሉት። አውሮፕላኖቹ ድልድዩን እንዳይመቱት በሥጋቸው ይከልሉታል። ምስሉን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሕዝቡ ለአገሪቱ መሪ ለሚሎሼቪች ሊሞት ተዘጋጅቷል ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በ1996 እና በ1997 መካከል በነበረው ክረምት፣ የዚያችው ከተማ ሰዎች በመቶ ሺዎች ሆነው ለሳምንታት በብርድ እየተጓዙ ሚሎሼቪችን ሲቃወሙ ነበር። ቦምቡ ከቆመ ከ16 ወራት በኋላም፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2000፣ የምርጫ ውጤት አልቀበልም ባሉት መሪ ላይ ተነሥተው ፓርላማውን ጥሰው ገቡ፤ በማግስቱ ሚሎሼቪች ሥልጣን ለቀቁ።

ለድልድያቸውም ሆነ መሪያቸውን ለመጣል የወጡት የአንዲት ከተማ ሰዎች ናቸው። በድልድዩ ላይ ከቆሙት አንዱ «ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ስለ ድብደባው እንጂ ስለ ሚሎሼቪች ምንም የማይነግረን መልስ ይሰጥ ነበር።