የሽንኩርት ዘር መብቀል አለመብቀሉን ከመዝራት በፊት መፈተሽ

የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ቦታ ደግሞ ይብስበታል። አዳማ ሬድም ይሁን ሌላ ዝርያ፣ መደብ ላይ ከመዝራትዎ በፊት ይፈትሹት። ውሃ ውስጥ ጨምሮ «የተንሳፈፈው ሙት ነው» ማለት አያዋጣም፤ ደረቅ ዘር ጤነኛም ሆኖ ይንሳፈፋል፣ የሞተውም ይሰምጣል።

ከከረጢቱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ጥቂት ጥቂት ወስደው ይቀላቅሉ። ትልልቁን ሳይመርጡ 100 ፍሬ ይቁጠሩ። ዘሩ በመድኃኒት የታሸ ከሆነ ጓንት ያድርጉ። አራት ቦታ ድርብርብ ሶፍት አርጥበው፣ ውሃው እስከማይንጠባጠብ ጨምቀው፣ በእያንዳንዱ ላይ 25 ፍሬ አራርቀው ይደርድሩ። ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ያቁሙና አፉን ላላ አድርገው ይቋጥሩ። ብዙው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃ ሲበዛ ዘሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ጥፋቱ ግን በሻጩ ይላከካል።

ተስማሚው ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ነው። በሚያዝያና ግንቦት ቆርቆሮ ቤት ስለሚግል፣ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ ያለውን ጥላ ይምረጡ።

በ6ኛውና በ12ኛው ቀን ይቁጠሩ። የሚቆጠረው ነጭ ሥሩ የረዘመ፣ አረንጓዴው ቡቃያ እንደ ጉልበት የታጠፈ ብቻ ነው። ጫፉን ብቅ አድርጎ የቀረ አይቆጠርም። የሻገተውን ወዲያው ያንሱ።

80 ከበቀለ እንደተለመደው ይዝሩ። 60 ከሆነ ለሄክታር ያሰቡትን 4 ኪሎ ወደ 5.3 ከፍ ያድርጉ። ከ50 በታች ሲሆን ግን መጠን መጨመር ዋጋ የለውም፤ የበቀለውም ደካማ ነው። የአራቱ ሶፍቶች ውጤት በጣም ከተራራቀ ፍተሻውን ይድገሙት።