የቡሽ ዛፍ፦ ቅርፊቱን ሳይሆን ሥሩን ፍሩለት

ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደሚደርቅ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ፖርቱጋል ውስጥ፣ አሌንቴዡ በሚባለው አካባቢ፣ በበጋው ሐሩር ግንዱ ራቁቱን ቀርቶ ቀይ ሆኖ የቆመ ዛፍ አይቶ «ይሄማ አለቀለት» የሚል ሰው አይፈረድበትም። አላለቀለትም ግን፤ የቡሽ ዛፍ ነው፣ ቅርፊቱ ለጠርሙስ ክዳን ይላጣል። ይህን ዛፍ በማያስፈራው እንፈራለታለን፤ የሚገድለውን ደግሞ እንክብካቤ እንለዋለን።

የመጀመሪያው ስህተት፦ መላጥ ይገድለዋል ማለት

የሚነሳው የሞተው የውጭ ሽፋን ነው፤ ቡሽ የምንለው እሱን ነው። ከሱ ሥር ሕይወት ያለው ቅርፊት አለ። የስፔን ቡሽ ላጮች «እናት» ይሉታል። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በእናቲቱ በኩል ነው። እሷ ካልተነካች አዲስ ቡሽ ይበቅላል። ሌላውን ዛፍ ስንልጥ እናቲቱንም አብረን ስለምንገፍፋት ነው የሚደርቀው።

ማስረጃ ከተፈለገ፣ አጉዋሽ ደ ሞራ በምትባል የፖርቱጋል መንደር በ1783 የተተከለ አንድ ዛፍ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ከ1820 ወዲህ ከ20 ጊዜ በላይ ተልጧል። በ2018 የአውሮፓ የዓመቱ ዛፍ ተብሎ ተመረጠ። ስሙ «አፏጪው» ነው፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ከሚዘምሩት ወፎች የተነሳ።

ሁለተኛው፦ ጥድፊያ

ይህ ዛፍ ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ፖርቱጋል ውስጥ ግንዱ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ሲለካ ዙሪያው 70 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ አይላጥም። እዚህ ለመድረስ 25 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላም በሁለት ልጫ መካከል ቢያንስ 9 ዓመት ይጠበቃል። የመጀመሪያው ቡሽ ሻካራ ነው፣ ለጠርሙስ አይበቃም። ለወይን ጠርሙስ የሚሆነው ጥሩ ቡሽ የሚገኘው በሦስተኛው ልጫ ነው። ያን ጊዜ ዛፉ 40 ዓመት አልፎታል። የተከለው አባት፣ የሚሸጠው ልጅ!

ወቅትም አለው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ነሐሴ፣ ዛፉ በደንብ በሚያድግበት ጊዜ፣ ቡሹ በቀላሉ ይላቀቃል። ሥራው በመጥረቢያ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው የምላጩን ድምፅ ሰምቶ ቡሹ እንደሚላቀቅና እንደማይላቀቅ ያውቃል። እምቢ ካለ መተው ነው። በግድ ከተጎተተ እናቲቱ ትቀደዳለች፣ እዚያ ቦታ ላይ ደህና ቡሽ አይጠበቅም። ግንዱ ላይ በነጭ ቀለም የሚጻፈው የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፦ 7 ካዩ በ2017 ተልጧል፤ ከ2026 በፊት አይነካም ማለት ነው።

ሦስተኛው፦ ከሥሩ ማረስ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ይመስላል። ከዛፎቹ ሥር የታረሰ፣ ንጹሕ መሬት ለዓይን ያምራል። ግን ማረሻው ከላይ የተዘረጉትን ሥሮች ይቆራርጣል፣ ቡቃያውንም ይጨርሳል። ፖርቱጋል በ1929 የስንዴ ዘመቻ ስታውጅ አሌንቴዡ ውስጥ ብዙ የቡሽ ዛፍ ያለበት መሬት ታርሷል። በዚያ ላይ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል ሥር አብስባሽ ተሕዋስ አለ። በእርጥብ አፈር ይጓዛል፣ ማረሻና ጫማ ላይ ተጣብቆ ከማሳ ማሳ ይሻገራል። ድርቅ ያዳከመውን ዛፍ ሲያገኝ አይምርም። ቁጥቋጦው ሲበዛ ሥሩን ሳይነኩ ከላይ ማጨድ ይሻላል። ሁሉንም መመንጠርም ጥሩ አይደለም፤ ትንሹ ችግኝ ከፀሐይና ከበግ የሚደበቀው እዚያው ውስጥ ነው።

ዘሩን መርሳት

ያረጁ ዛፎች ሞልተው ልጅ እግር የሌለበት ጫካ፣ ቢያምርም፣ እየሞተ ነው። ሞሮኮ ውስጥ ራባት አጠገብ ያለው የማሞራ ጫካ ችግሩ ይሄው ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ሰው ለቅሞ ገበያ ያወጣዋል፤ የተረፈውን ከብት ይበላዋል። ሰውዬው ቢለቅም አልፈርድበትም፣ ኑሮው ነው። ግን ጥቂት ሄክታር በየተራ ታጥሮ ካላረፈ የሚተካ ዛፍ አይኖርም። ፍሬውን ልዝራ የሚል ደግሞ ማድረቅ የለበትም። ይህ ዘር ከደረቀ ይሞታል። ውኃ ውስጥ ጨምሮ የተንሳፈፈውን መጣል፣ የሰጠመውን በዚያው መኸር መዝራት ነው።

ዛፉን ላድን ብሎ ቡሽ መተው

የፕላስቲክ ክዳን የመረጠ ሰው ዛፍ ያዳነ ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው። ገበሬው ዛፉን የሚጠብቀው ቡሹ ስለሚሸጥ ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ሕግ ግን ቁጥቋጦ አያጭድም። ገቢ የሌለው መሬት ይተዋል፣ የተተወ መሬት ይቃጠላል። ጎረቤቱም ባሕር ዛፍ ነው፤ እኛም የምናውቀው ባሕር ዛፍ ዛሬ በፖርቱጋል ደን ውስጥ በስፋት አንደኛ ነው።

ከእሳት በኋላ መቸኮል

ቡሽ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ክምር ስለሆነ ሙቀት አያሳልፍም። ለአደጋ የሚጋለጠው በቅርቡ የተላጠው ዛፍ ነው። ወፍራም ቡሽ የለበሰው ግን ከሰል መስሎ ቢጠቁርም ውስጡ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጋዝ ይዞ ከመሮጥ በፊት የሚቀጥለውን ጸደይ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ከጠቆረው ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ይወጣል፤ ካልወጣ ያኔ ይቆረጣል።