ትርፍ ሰዓታቸውን ከሚሰጡ ሰዎች ጋር ትያትር እንዴት ይዘጋጃል?

ተዋንያኑ ከሥራና ከትምህርት መልስ በፍቅር ብቻ የሚመጡ ከሆነ ከችሎታቸው በፊት ጊዜያቸውን እዩ። ተዋናይ ስትመርጡ እያንዳንዱ ሰው የማይመቸውን ቀን ሁሉ ጽፎ ይስጣችሁ። በሳምንት አንዴ ብቅ ከሚል ጎበዝ፣ ሁሌ የሚገኝ መካከለኛ ይሻላል። በዚህ አልከራከርም።

ከዚያ ከተዋንያኑ ጋር ተቀምጣችሁ ድርሰቱን አንብቡት። ሁለቴ ይበቃል።

መለማመጃችሁ ሌላ ክፍል ከሆነ የእውነተኛውን መድረክ ልክ ለክታችሁ ወለሉ ላይ በፕላስተር አስምሩ፣ በሮቹንም ጭምር። የተዋንያኑ እንቅስቃሴ በእርሳስ ይጻፍ፤ መቀየሩ አይቀርም። ልምምዱ 6 ሳምንት ከሆነ በ3ኛው መጨረሻ ወረቀት ከእጃቸው ይውጣ። የረሳ ሰው ሲኖር ቃል የሚያቀብል አስታዋሽ ጥግ ላይ ይቀመጥ።

አሁን ብዙዎቻችን የምንዘለው ነገር፦ በጨለማ ዕቃ መቀየር፣ ማለትም በሁለት ትዕይንቶች መሃል መብራት አጥፍቶ የመድረኩን ዕቃ መለወጥ። በመጀመሪያ ሥራዬ ልምምድ ላይ እዚያ ቦታ ስንደርስ «እሺ፣ እዚህ ጋ ሳሎኑ መኝታ ቤት ይሆናል» ብዬ አልፍ ነበር። የመክፈቻው ምሽት መብራቱ ጠፋ። ሁለት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ይዘው አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲጎትቱ ይሰማኛል። ተመልካቹ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ማሳል ጀመረ፣ ከዚያ የስልኮች መብራት ታየ። መብራቱ ሲመለስ አልጋ ላይ ተኝታ ልትሞት የነበረችው እናት ትራስ ታቅፋ ቆማለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ወር የለፋችበት ትዕይንት ነበር። በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ስታለቅስ አገኘኋት። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ማን እንደሚያነሳው፣ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ጻፉ። ማንም ባዶ እጁን አይመላለስ። የጠረጴዛውና የአልጋው እግር የሚያርፍበት ላይ በጨለማ የሚያበራ ቴፕ ቁራጭ ለጥፉ። መጀመሪያ በብርሃን፣ ቀስ ብለው ይሥሩት። ቀጥሎ ሰዓት እየተያዘ። ቀጥሎ መብራት ጠፍቶ፣ ያውም ደጋግመው። ዕቃ አንሺዎቹ መብራቱ ከመጥፋቱ ትንሽ ቀደም ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁ፤ ጨለማውን ቶሎ ይለምዱታል። ከ20 ሰከንድ በላይ ከወሰደባችሁ ዕቃ ቀንሱ። በሙዚቃ መሸፈን ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ ተመልካቹ እየጠበቀ መሆኑን ያውቃል።

መብራትና ድምፅ ስትፈትሹ ሙሉውን ትያትር አታስኪዱ። መብራት ከሚቀየርበት ወደ ሚቀየርበት እየዘለላችሁ ሂዱ። ሙሉውን ትያትር፣ አልባሳት ለብሰው በሚለማመዱበት ቀን ታዩታላችሁ። ያን ቀን አታቋርጧቸው፣ ስህተቱን ጻፉና ሲጨርሱ ንገሯቸው።

ከመክፈቻው ምሽት ጀምሮ ትእዛዙ የመድረክ አስተባባሪው፣ ማለትም ትያትሩ ሲታይ የመብራቱን፣ የድምፁንና የዕቃ ቅያሪውን ሰዓት የሚያዝዘው ሰው ነው። እናንተ አዘጋጆቹ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። በዕረፍት ሰዓት ከመጋረጃው ጀርባ አትግቡ፤ ያያችሁትን በማግስቱ፣ ልብስ ከመልበሳቸው በፊት ትነግሯቸዋላችሁ።