ልጆቻችን እንዲያነቡ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ ምክንያት ስንጨቃጨቅ ከረምን። እኔ «ስልኩን አምጪና መጽሐፍ አንብቢ» እላለሁ። እሷ መጽሐፉን ትገልጣለች፤ ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነው። አንድ ማታ ስልኳን ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። ደንግጬ ጠጋ አልኩ። ለካ የምታነበው ታሪክ ውስጥ የምትወደው ሰው ሞቶባት ነው። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ የሚለቀቅ የፍቅር ታሪክ ነው። ክፍል 43 ላይ ደርሳለች።

43 ክፍል ያነበበችን ልጅ «አታነብም» እያልኩ ነበር የከረምኩት። ከዚያ ወዲህ የራሴንም፣ በዘመድ አዝማድ ቤት ያየሁትንም ስህተት ልብ ማለት ጀመርኩ።

መጽሐፍን ቅጣት ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ልጁ ጥፋት ሲሠራ ስልኩን እንቀማለን። በምትኩ መጽሐፍ እንሰጠዋለን። ልጁ ምን ይማራል? ስልክ ሽልማት፣ መጽሐፍ ደግሞ እስር ቤት እንደሆነ ይማራል። ቅጣቱ ሲያልቅ ንባቡም አብሮ ያልቃል።

የስልክን ሰዓት መገደብ ያስፈልጋል፤ እኔም እገድባለሁ። ግን ሁለቱን ጉዳዮች ለያይቻቸዋለሁ። ስልክ የሚቀመጥበት ሰዓት አለ። በዚያ ሰዓት ልጄ ትተኛ፣ ትሳል፣ ከወንድሟ ጋር ትጫወት፣ ታንብብ፣ የራሷ ጉዳይ ነው። መጽሐፍ ግን እጇ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ባዶ ሰዓት ሲያጋጥማት ራሷ ታነሳዋለች። በመጀመሪያው ቀን አይደለም። እኛ ቤት ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል።

ስልክ ላይ የሚነበበውን መናቅ

የቴሌግራም ታሪኮች ብዙዎቹ ቋንቋቸው ደካማ ነው። የፊደል ግድፈት ይበዛባቸዋል። ለልጅ የማይሆን ነገር ያለባቸውም አሉ፤ ስለዚህ ምን እንደምታነብ ማወቅ አለብን። ቢሆንም አንድ ልጅ «ይቀጥላል» የሚለውን አይታ ነገን በጉጉት የምትጠብቅ ከሆነ፣ የአንባቢነት ዋናው ነገር አላት ማለት ነው። ብናሾፍባት ማንበቧን አትተውም። መደበቅ ትጀምራለች።

እኔ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳት። ግማሽ ሰዓት አወራችኝ። በሳምንቱ ተመሳሳይ ጉዳይ ያለው አጭር ልብ ወለድ ፈልጌ ሰጠኋት፤ በአንድ ማታ ጨረሰችው። ቲክቶክ ላይ የቪዲዮ ጽሑፍ እያዩ ማለፍን ግን ከዚህ ጋር አላመሳስለውም። እሱ ማየት ነው።

«ፒዲኤፉ አለህ አይደል?» ማለት

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ብዙ ትምህርት ቤቶች የታተመ መጽሐፍ በበቂ አልደረሳቸውም ነበር። ተማሪው ፒዲኤፍ አወረደ። እስካሁንም ፊዚክስና ባዮሎጂን በስልክ የሚያጠኑ ልጆች ብዙ ናቸው። ለትልቅ ወረቀት የተሰናዳ ገጽ በመዳፍ በሚያህል ስክሪን ላይ ይነበባል። ልጁ ያሳድገዋል፤ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ወደ ግራ ይመልሳል። ሥዕሉ አንድ ቦታ፣ ማብራሪያው ሌላ ቦታ ይቀራል። በመሀል ቴሌግራም ይጮኻል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት፣ ቀደም ብለው የተሠሩ 54 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። በድምሩ ከ170,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውባቸዋል። በወረቀት ያነበቡት በስክሪን ካነበቡት የተሻለ ተረድተው ተገኝተዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ጊዜ ተገድቦ ሲነበብና ጽሑፉ እውቀት የሚያስጨብጥ ሲሆን ነው። ታሪክና ልብ ወለድ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ይህን ሳውቅ የእኔ ጭቅጭቅ የተገላቢጦሽ እንደነበር ገባኝ። ልብ ወለዱን ስልክ ላይ አታንብቢ እያልኩ፣ የኬሚስትሪውን ምዕራፍ ግን በስልክ ስታጠና ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ከባድ ከባዱን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን እናሳትማለን። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተጋርተው ያሳትማሉ፤ ወጪው ይቀላል። ማሳተም ካልተቻለ ስልኩ አይሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። አጠገቡ ደብተር ይኑር። አንድ ገጽ ሲያልቅ ስልኩን ገልብጦ፣ የተነበበውን በራስ ቃል ሁለት መስመር መጻፍ በጣም ይረዳል።

ሌላም ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ ከሚዞሩት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ደራሲው ሳይፈቅድ የተቀዱ ናቸው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ይህን ይከለክላል። ለልጆቻችን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል።

ወፍራሙን መጽሐፍ አስቀድሞ መስጠት

እኛ በዚያ ዕድሜ ያነበብነውን ትልቅ ልብ ወለድ እናወጣና «ይኸው፣ መጽሐፍ ማለት ይህ ነው» እንላለን። ልጁ ሦስት ገጽ ሄዶ ይዘጋዋል። «ሰነፍ» እንለዋለን። ግን ፊደሉ ራሱ እየከበደው ሊሆን ይችላል።

ልብ በሉ፣ ብዙ የከተማ ልጆች በትምህርት ቤት የሚያነቡት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ከጓደኛቸው ጋር ሲጻጻፉ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። ታዲያ የግዕዝን ፊደል መቼ ይልመዱት? አማርኛ ሲነበብ መጥበቅና መላላት በፊደሉ ላይ አይታይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ያሳያል። «ገና» በዓሉም ነው፣ «ገና አልመጣም» ስንል ያለውም ነው። አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ለይቶ ማወቅ አለበት። ይህ የሚመጣው ብዙ በማንበብ ብቻ ነው።

አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ሰው በሌለበት ይሁን፣ እንዳያፍር። በየመስመሩ ከተደናቀፈ ወፍራሙን መጽሐፍ መልሱት፤ ከአጫጭር ታሪኮች ጀምሩ። ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ጫኑለት። እናንተም በፊደል ጻፉለት። «ዳቦ ገዝተሽ ነይ» የሚለውን ሳይቀር እኔ በፊደል ነው የምልክላት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላደጉ ልጆች ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ቋንቋውን ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፣ ፊደሉ ላይ ግን ብዙዎቹ ይቆማሉ።

መስማትን እንደ ማጭበርበር ማየት

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሰዎች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በእሱ ድምፅ ነው የሚያውቋቸው። ሰምተው ሲያበቁ መጽሐፉን ፈልገው ያነበቡም ብዙ ናቸው። ዛሬም በስልክ የሚደመጥ ትረካ አለ። ታክሲ ውስጥ፣ ዕቃ እየታጠበ፣ ይሰማ። እኔ አንዳንዴ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አብረን ሰምተን መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ።

ገጽ መቁጠር

«ዛሬ ስንት ገጽ አነበብሽ?» አትበሉ። ልጁ ለቁጥሩ ብሎ ይሮጣል፤ ወይም ማጠቃለያውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጠይቆ ያመጣላችኋል። በየቄስ ትምህርት ቤቱ ፊደል የለየ ልጅ ያንኑ ጽሑፍ በተለያየ የአነባበብ ስልት፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየደጋገመ ነበር የሚያነበው። ማንም ገጹን አይቆጥርበትም።

ቤተ መጻሕፍትን ለፈተና ብቻ መተው

4 ኪሎ ያለው አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ደግሞ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሄዳችሁ እዩ፤ ብዙው ወጣት የራሱን ደብተርና ሃንድአውት ይዞ ነው የሚገባው። ከመደርደሪያው አንድም መጽሐፍ ሳያነሳ ይወጣል። ፈተና ከባድ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ልጃችሁን አንድ ቅዳሜ ያለ ደብተር ውሰዱት። መደርደሪያው ዘንድ ይዙር። ደስ ያለውን ያንሳ፣ ካልጣመው ይመልስ። መሀል ላይ መተውም የአንባቢ መብት ነው። ካፌ ውስጥ መጽሐፍ አዟሪ ሲመጣም «አይ» ብላችሁ ከመመለስ ልጁ ራሱ እንዲመርጥ ፍቀዱለት።

የራሳችንን ስልክ መርሳት

እኛ ቤት ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ የሁላችንም ስልክ ሳሎን ቡፌው ላይ ይቀመጣል። የባለቤቴም፣ የእኔም። እኛ ፌስቡክ ላይ ተጥደን ልጅን «አንብቢ» ማለት አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። ልጄ «እማ፣ ጠዋት በምን ልነሳ?» ብላ ነበር። ለዚያ ብለን ትንሽ የደወል ሰዓት ገዛንላት።