አስቸጋሪ ጎረቤት የወረሰ ካቢኔ፦ ለሥነ ዜጋ ክበብ የልምምድ አዘገጃጀት

ይህ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሥነ ዜጋ ክበብ ለምትመሩ መምህራን ነው። አዲስ መንግሥት ከአስቸጋሪ አገር ጋር ያለውን ግንኙነት እንዴት እንደሚይዝ ከማስረዳት ይልቅ ተማሪውን ሚኒስትር አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። 24 ተማሪ፣ ሦስት ሰዓት፣ ጠመኔና 30 ያህል ወረቀት ይበቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ።

ስድስት ቡድን አራት አራት ሆኖ ይመደብ፦ ውጭ ጉዳይ፣ መከላከያ፣ ጉምሩክ፣ ብሔራዊ ባንክ፣ የድንበር ነዋሪዎችና ተቃራኒው አገር። ተቃራኒው አገር ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ጎበዝ ተከራካሪዎችን ለእሱ ስጡ። ደካማ ከሆነ ካቢኔው ሁሉንም በአንድ ንግግር የፈታ ይመስለዋል።

መነሻው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጉዳይ ይሁን። የመጀመሪያው 30 ደቂቃ የንባብ ነው፦ የሁለቱን አገሮች ጦርነት የቋጨው የታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የአልጀርስ ስምምነትና ባድመን ለኤርትራ የሰጠው የሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ። ተማሪዎች ወዲያው «የቀድሞዎቹ የፈረሙት አይመለከተንም» ይላሉ። እዚህ ላይ አትለፏቸው፤ ስምምነት የሚያስረው አገርን ነው፣ ካቢኔ ሲለወጥ አብሮ አይሻርም። ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ የፈረምነው፣ የፈጸምነው፣ የቀረው።

ቀጥሎ በ40 ደቂቃ ለተቃራኒው አገር የሚላከውን የመጀመሪያ መልእክት ይጻፉ። መልእክቱ በይፋ የሚነገር፣ የሌላውን ፈቃድ ሳይጠብቅ የሚፈጸም አንድ ነገር ይያዝ። የወቅቱ ገዥ ግንባር ኢሕአዴግ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የድንበር ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ሲል የኤርትራ መልስ በሰኔ መጣ፤ ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ የጋራ መግለጫ ተፈረመ። በመሐል ግን በትግራይ ድንበር ላይ ባለው የኢሮብ ወረዳ ሕዝቡ ለተቃውሞ ወጣ። ስለዚህ መልእክቱ ከመነበቡ በፊት የነዋሪዎቹ ቡድን ሰምቶ መልስ መስጠት አለበት፤ አስቀድሞ ካልተነገረው ውጭ ጉዳይን ነጥብ ቀንሱበት።

ረጅሙ ሥራ 80 ደቂቃ ይወስዳል፤ እባካችሁ አትቁረጡት። ለሁሉም ቡድን ይህን ስጡ፦ «ጤፍ የጫነ አይሱዙ ድንበር ላይ ያለችው ዛላምበሳ ደርሷል።» ሹፌሩ ምን ወረቀት ያሳያል? ቀረጡ ስንት ነው? ክፍያው በብር ነው ወይስ በኤርትራ ገንዘብ በናቅፋ፣ ምንዛሪውንስ ማን ይወስናል? መኪናው ቢያዝ ለማን ይደወላል? እያንዳንዱ መልስ በአንድ መስመር፣ ከኃላፊው መሥሪያ ቤት ስም ጋር ይጻፍ። «በጋራ ይታያል» የሚል መልስ አይቀበሉ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የድንበሩ በር ሲከፈት ሰውም ዕቃም እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ የጉምሩክና የምንዛሪ ደንብ ግን አልተዘጋጀም ነበር። ዛላምበሳ በታኅሣሥ ተዘጋ፣ በሚያዝያ ደግሞ የቀሩት በሮች። በእኛ እምነት በጽሑፍ ያልታሰረ በር በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል።

በመጨረሻው 30 ደቂቃ ተቃራኒው አገር ያለ ማብራሪያ በሩን ይዝጋ። ካቢኔው በ15 ደቂቃ አምስት መስመር መልስ ይጻፍ። መከላከያ ጦር ይጠጋ ማለቱ አይቀርም፤ የካቢኔው ሰብሳቢ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ማን እንደዘጋው ተጣርቷል? ያልተዘጋው ሌላ ግንኙነት እንዴት ይጠበቃል?

ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስባችሁ አቆዩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አዲሱ ካቢኔ ሥራ የሚጀምረውም የባለፈው ካቢኔ የጻፈውን በማንበብ ነው።