ብሔራዊ መዝሙርን በወሎ መድረክ ላይ እንዴት እናስዘምር?

ወሎ ውስጥ የምረቃ፣ የስፖርት ወይም ሌላ የአደባባይ በዓል የሚያዘጋጅ ሰው መልካም ድምፅ ያለው ዘማሪ አያጣም፤ ጭንቁ ያንን መልካም ድምፅ ለብሔራዊ መዝሙር በሚስማማ መልኩ መግራቱ ላይ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ ምድር ቦታዎችን ስም የተሸከሙ ናቸው፤ እዚህ ያደገ ልጅም ድምፅን ማርገብገብና ቃልን በቅላጼ ማስረዘም ትምህርት ቤት ሳይገባ ይለምደዋል። ይህ ጸጋ በሠርግም፣ በመንዙማም፣ በትዝታም ያማረ ሆኖ ሳለ ብሔራዊ መዝሙር ላይ ሲደርስ እንቅፋት የሚሆንበት ምክንያት ግን አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ላይ በተደረገ አንድ የምረቃ በዓል መዝሙሩን ብቻዋን እንድታዜም የተጋበዘች ወጣት «የዜግነት ክብር» የሚለውን መነሻ እንደ አምባሰል እያስረዘመች፣ በየቃሉ ጫፍ እርግብግቢት እየጨመረች ጀመረች። ታዳሚው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሊከተላት ሞከረ፤ ሦስተኛው ላይ ተወው፤ ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ቆመን አዳማጮች ሆንን። ሲያልቅ እልልታውና ጭብጨባው ቀለጠ፣ እኔም አጨበጨብሁ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንዲት ስንኝ እንኳ አለመዘመሬን አስተዋልሁ።

ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የአደራረጉ ነበር። በዘፈናችንም ሆነ በመንዙማችን አውራጅና ተቀባይ አሉ፤ ተቀባዩ የራሱ አዝማች ስላለው አውራጁ የቱንም ያህል ቢያስጌጥ ሕዝቡ የሚገባበት በር አይዘጋም። ብሔራዊ መዝሙር ግን አዝማች የለውም፣ አሥሩንም ስንኝ ሁሉም ሰው እኩል ይለዋል፤ ስለዚህ አስዘማሪው በራሱ መንገድ ባስረዘመ ቁጥር ሕዝቡ የሚቆምበት ቦታ ያጣል። የምመክረውም ዜማው በተደረሰበት ልክ፣ ያለ ጌጥ፣ በአንድ ወጥ ምት እንዲዘመርና አስዘማሪው ከሕዝቡ ድምፅ በታች እንዲሆን ነው።

በዚህ የማይስማሙ ብዙዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ድምፃዊው ሆሴ ፌሊሲያኖ በዲትሮይት የቤዝቦል ሜዳ የአሜሪካን መዝሙር በጊታር፣ በራሱ ስልት ሲያዜም ብዙ ሰው ተቆጥቶበት ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ አገር መዝሙሩን በየራሱ ቀለም የማያዜም ድምፃዊ ማግኘት ያስቸግራል። እዚያ ዘማሪው ሕዝቡን ወክሎ ያዜማል፣ ሕዝቡም ይህንኑ ለምዶታል። እኛ ዘንድ ግን መዝሙሩን የተማርነው በትምህርት ቤት ሰልፍ፣ በሰንደቅ ዓላማ ፊት፣ በጅምላ ነው፤ በውክልና ሲዘመርልን ቅር የሚለን ለዚህ ይመስለኛል። ማሲንቆና ዋሽንት ይግቡበት የሚለውን ሐሳብ ግን ዜማውን ሳያዛንፉ እስከተከተሉ ድረስ አልቃወምም፤ እንዲያውም ማሲንቆ ዜማን ይዞ ለመሄድ የተመቸ መሣሪያ ነው።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ ቀዳሚው ሥራ የመነሻውን ድምፅ መወሰን ነው። ብዙ ጊዜ አስዘማሪው በስሜት ከፍ አድርጎ ይጀምርና ዜማው ሽቅብ ሲወጣ ወንዶቹ ይንቃቃሉ፣ ልጆቹ ይጮኻሉ። መነሻውን ከአንድ ቀን በፊት በኪቦርድ ወይም በተቃኘ ክራር ላይ ፈልጎ፣ የመዝሙሩን ከፍተኛ ቦታ ሳይጨነቅ ማለት ለሚችል ተራ ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ መያዝ፣ በበዓሉም ዕለት ያንኑ ድምፅ አንድ ጊዜ አሰምቶ መጀመር ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቃሉና የትንፋሹ ነገር ነው፤ ከሁሉ በላይ ልምምድ የሚፈልገውም ይኸው ነው። ብዙዎቻችን በየስንኙ መጨረሻ ትንፋሽ መውሰድ ለምደናል፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች ብዙ አይጎዳም። አምስተኛው ላይ ግን «ያልሻርን» የሚለው ቃል የሚገልጸው በስድስተኛው ስንኝ መጀመሪያ ላይ ያለውን «ሕዝቦች ነን» የሚለውን ስለሆነ፣ በመካከላቸው ረጅም ዕረፍት ከገባ ዐረፍተ ነገሩ ይሰበራል። በዚያው በአምስተኛው ስንኝ «መሠረተ ፅኑ» የሚለው የግእዝ አነጋገር «መሠረቱ የጸና» ማለት በመሆኑ አንድ ላይ እንጂ ተከፍሎ አይባልም። ልጆች ይህን ካልተነገራቸው ድምፁን ብቻ ይይዛሉ፤ እኔ ራሴ «ሰብዕናን» የሚለውን ቃል ትርጉም ያወቅሁት መዝሙሩን ለዓመታት ከዘመርሁ በኋላ ነው። «እንጠብቅሻለን» የሚለው ቃልም በዜማው ውስጥ ሳይቀር «ብ» ጠብቆ መሰማት አለበት።

የመዝሙሩ ግጥም የደረጀ መላኩ፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ነው። በዕድሜ የገፉ እንግዶች ግን በዘመናቸው ሦስት መዝሙሮች እንዳዩ አዘጋጁ ማስታወስ ይኖርበታል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተሰማውና ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሰው «ኢትዮጵያ ሆይ» እስከ ንጉሡ መውረድ ቆይቶ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የደርግ ዘመን መዝሙር መጣ፤ አሁን ያለው ሦስተኛቸው ነው። በወጣትነታቸው ሌላውን የዘመሩ አባት ወይም እናት ዝም ብለው ቢቆሙ መታዘብ አይገባም፤ ግጥሙን በመርሐ ግብሩ ወረቀት ጀርባ በትልቅ ፊደል ማተም ይበቃል።

ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀል ከሆነ ሰቃዩ ከአስዘማሪው ጋር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለማመድ፤ አምስተኛው ስንኝ ሲያልቅ ሰንደቁ በዓምዱ እኩሌታ ላይ፣ የመጨረሻው ቃል ሲባል ጫፉ ላይ ቢደርስ ያምራል። ሰንደቁ ቀድሞ ወጥቶ ሰቃዩ ገመዱን ይዞ ሲጠብቅ ከማየት የበለጠ የሚያሳቅቅ ነገር የለም።

ስለ አቋቋም ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቀጥ ብሎ፣ ፊትን ወደ ሰንደቁ አድርጎ መቆም ነው። የወሎ መድረክ ግን ካህኑንም ሼሁንም ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ በመሆኑ መድረክ መሪው «ኮፍያችሁን አውልቁ» ሲል ቃሉን ይምረጥ፤ የካህኑና የሼሁ ጥምጥም፣ የእናቶች ሻሽና ሒጃብ ኮፍያ አይደሉም። መቆም የማይችሉ አረጋውያንም በመቀመጣቸው ይቅርታ እንዲጠይቁ መገደድ የለባቸውም። እልልታ ከመዝሙሩ በኋላ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ በመካከል የሚነሣ እልልታ ግን ምቱን ያስታል።

በመጨረሻ የድምፅ ማጉያው ጉዳይ አለ። መዝሙሩ ከፍላሽ የሚለቀቅ ከሆነ ቅጂው ሙሉ መሆኑን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ማረጋገጥ፣ ሞንታርቦውንም የሕዝቡን ድምፅ እንዳይውጠው ዝቅ ማድረግ ይገባል። መብራት በመካከል ቢጠፋ አስዘማሪው ጄኔሬተር እስኪነሣ ሳይጠብቅ፣ ወደ መጀመሪያውም ሳይመለስ፣ ከነበረበት ስንኝ በእጁ ምቱን እየመታ በባዶ ድምፁ ይቀጥል።